ከጌም ወጥቶ መሬት የያዘው የጎልፍ ሜዳ

አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2023 ሊዶ የተባለ የጎልፍ ሜዳ ተከፈተ። ይህ ሜዳ ቡልዶዘር አሸዋውን ከመንካቱ በፊት አንድ ጊዜ ተሠርቶ አልቆ ነበር፤ ያለቀውም በኮምፒውተር ጌም ውስጥ ነው።

የቀድሞው ሊዶ በኒውዮርክ ግዛት፣ በሎንግ አይላንድ የባሕር ዳርቻ ይገኝ ነበር። ቻርለስ ብሌር ማክዶናልድ ነደፈው፤ ረግረጉ በአሸዋ ተሞልቶ ሜዳ ሆነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቦታውን የባሕር ኃይል ወሰደው፣ ሜዳውም በዚያው ጠፋ። ከዓመታት በኋላ ፒተር ፍሎሪ የተባለ የጎልፍ ታሪክ አፍቃሪ አሮጌ ፎቶግራፎችንና ካርታዎችን እያመሳከረ፣ እያንዳንዱን ጉብታና ዝቅታ «ዘ ጎልፍ ክለብ» በተባለው ጌም የሜዳ መንደፊያ መልሶ ሠራው። ያ ሥራ ወደ ጂፒኤስ መረጃ ተቀይሮ ቡልዶዘሮቹን መራ፤ ታዋቂው ነዳፊ ቶም ዶክም ሜዳውን መሬት ላይ አቆመው።

ሜዳ የመንደፍ ዕድል ለተጫዋቾች ከተሰጠ ቆይቷል። በጎልፈኛው ጃክ ኒክላውስ ስም እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ጌም የራሱ መንደፊያ ነበረው። ዛሬ ደግሞ «ፒጂኤ ቱር 2ኬ» የሚጫወት ሰው ኮረብታ ያነሣል፣ ሸለቆ ይቆፍራል፣ ዛፍ ይተክላል፣ ሠርቶ የጨረሰውንም ለሌሎች ተጫዋቾች ያካፍላል።

ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚቸኩለው ወደ ኩሬና ወደ ዛፍ ነው። ሥራው ግን ከመሬቱ ይጀምራል። መጀመሪያ ተዳፋቱ ይስተካከላል፤ ቀጥሎ 18ቱ ጉድጓዶች አንዱ ሲያበቃ ሌላው ቅርብ እንዲጀምር ሆነው ይደረደራሉ። ለእያንዳንዱም ጎበዝ ተጫዋች በስንት ምት ሊጨርሰው እንደሚገባ ይወሰናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት፣ አራት ወይም አምስት ነው። ትልቁ ጥንቃቄ ጉድጓዱ ባለበት አጭር ሣር ላይ ነው። ስክሪን ላይ ለጥ ያለ የሚመስል ተዳፋት ኳሷን እያንከባለለ ከሣሩ ሊያስወጣት ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሜዳን ሜዳ የሚያደርገው ምርጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 «ካንትሪ ላይፍ» የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት የንድፍ ውድድር አውጥቶ ነበር። ያሸነፈው ሐኪሙ አሊስተር ማኬንዚ ነው፤ በኋላ ኦገስታ ናሽናልን ከቦቢ ጆንስ ጋር የነደፈው እሱ ነው። የላከው ንድፍ ለተጫዋቹ ብዙ መንገድ ይሰጣል፦ ደፋሩ በአደጋው ላይ አሻግሮ ይመታል፣ ጥንቁቁ ዞሮ ይሄዳል፣ ሁለቱም ግን ይደርሳሉ። የሊዶ 18ኛ ጉድጓድ መነሻ ይኸው ንድፍ ነበር። ወረቀት ላይ ተወለደ፣ መሬት ላይ ኖረ፣ ጠፋ፣ በጌም ተነሣ፣ አሁን ደግሞ እንደገና ይጫወቱበታል። ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ተብሎ የሚናቀው ሥራ ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

መንደፊያውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከፍት ሰው 18 ጉድጓድ ባይመኝ ይሻለዋል። አንድ ብቻ ይሥራ፤ ከዚያ አንድ ጎበዝና አንድ ጀማሪ ያጫውትበት። ሁለቱም በአንድ መንገድ ብቻ ከሄዱ፣ ወደ መሬቱ ተመልሶ ሁለተኛ መንገድ ይክፈትላቸው።