የቦርድ አባላት ሲመረጡ ሴቶቹን አይርሷቸው

የባንክ አክሲዮን አለዎት? እንግዲያው በየዓመቱ የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ ጥሪ ይደርስዎታል። ብዙዎቻችን ግን ጊዜ የለንም ብለን የውክልና ቅጹን ፈርመን እንሰጣለን፤ ማን ለቦርድ እንደተመረጠም አንጠይቅም።

ባለፈው ዓመት እናቴን ይዤ ሄጄ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ብዙ ሴቶች ነበሩ። መድረኩ ላይ ከተቀመጡት የቦርድ አባላት መካከል ግን ሴቷ አንዲት ብቻ ነበረች። እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ገንዘባችንን ሲቀበሉ ሴት ናት ብለው አልመለሱልኝም» አለችኝ።

ነገሩ የክብር ወንበር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቦርዱ የኩባንያውን አቅጣጫ ይወስናል፤ ዋና ሥራ አስፈጻሚውንም ይሾማል። ታዲያ ሌሎች አገሮች ሚዛኑን ለማስተካከል ምን አደረጉ?

ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2003 ሕግ አወጣች። በትላልቅ አክሲዮን ማኅበራት ቦርድ ውስጥ ሁለቱም ጾታዎች ቢያንስ 40 በመቶ ድርሻ እንዲኖራቸው ደነገገች። የሴቶቹ ድርሻ ያኔ ከ10 በመቶ በታች ነበር። መጀመሪያ በፈቃደኝነት ተሞከረ፤ አልሠራም። በ2006 ግዴታ ሆነ፤ ለነባር ኩባንያዎች የ2 ዓመት ጊዜ ተሰጠ፤ ቅጣቱም ኩባንያውን እስከ ማፍረስ የሚደርስ ነበር። በ2008 ግቡ ተሳካ።

ብሪታንያ ደግሞ ያለ ኮታ ሕግ ሞከረች። በ2011 በ100ዎቹ ትልልቅ ኩባንያዎች ቦርድ የሴቶች ድርሻ 12.5 በመቶ ነበር። በ2015 ወደ 25 በመቶ ለማድረስ ግብ ተቀመጠ፤ ውጤቱም በየጊዜው በይፋ ይነገር ጀመር። ተሳካ።

መንገዳቸው ቢለያይም ሁለቱም ቁጥርና ቀነ ገደብ ነበራቸው። «ሴቶችን እናበረታታለን» የሚል ዓረፍተ ነገር ብቻውን ወንበር አያስገኝም።

«ብቁ ሴት ከየት ትገኛለች?» ለሚሉ መልሱ ቅርብ ነው። በ2005 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን እናት ባንክን የመሠረቱት 11 ሴቶች ናቸው፤ የመጀመሪያዋ የቦርድ ሰብሳቢም ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ።

እርስዎስ? የዕጩዎች ዝርዝር ሲወጣ ስንት ሴቶች እንዳሉበት ይመልከቱ። የሚያውቋት ጎበዝ የሒሳብ ወይም የሕግ ባለሙያ ባለአክሲዮን ከሆነች በጥቆማው ወቅት ስሟን ያስይዙ። ውክልና ከሰጡም ለማን እንዲመረጥ እንደሚፈልጉ ለተወካይዎ ይንገሩ።

እናቴ ዘንድሮ ቅጹን አልፈርምም ብላለች። ራሷ ሄዳ ልትጠይቅ ነው።