የሁለት ሳምንት ሐኪሞች

ሙያን በነጻ ለመስጠት አገር አቋርጦ መሄድ ዛሬ ራሱን የቻለ ሰፊ መስክ ሆኗል። ጃፓን ወጣት ባለሙያዎቿን በ1965 መላክ ጀመረች (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የተባበሩት መንግሥታት የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት በ1970 ተቋቋመ። አይቢኤም ደግሞ በ2008 ሠራተኞቹን ከተለያዩ አገሮች እየመረጠ፣ በቡድን እያደራጀ መላክ ያዘ። የእኛ አገር ሽማግሌዎች ነገሩን የሚያውቁት “ፒስ ኮር” በሚለው ስም ነው። በ1962 ወደ 280 የሚጠጉ አሜሪካውያን መጥተው፣ አብዛኞቹ በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተምረዋል። ከዚህ ሁሉ መካከል የሕክምናው ጉዞ ይለያል። የተሳሳተ የድልድይ ንድፍ ድልድዩ ከመሠራቱ በፊት ሊታረም ይችላል፤ በተሳሳተ ቀዶ ሕክምና የተጎዳ ሰው ግን ጉዳቱን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል፣ ያከመው ሐኪም ደግሞ አውሮፕላን ላይ ነው። ለዚህ ነው ይህ ዳሰሳ በሐኪሞቹ ላይ የሚያተኩረው።

ኢትዮጵያ በዚህ ጉዳይ የቆየች አስተናጋጅ ናት። ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን አዲስ አበባ ገብቶ ቁስለኞችን አክሟል። በ1935 ጣሊያን ዳግመኛ ሲወርረን ከእንግሊዝ፣ ከስዊድን፣ ከኖርዌይ፣ ከሆላንድ፣ ከፊንላንድና ከግብጽ የሕክምና ቡድኖች ወደ ጦር ግንባር መጡ። የስዊድኑ ቡድን በዚያው ዓመት ታኅሣሥ መጨረሻ መልካ ዲዳ ላይ በጣሊያን አውሮፕላኖች ተደብድቧል። የእንግሊዙን ቡድን የመራው ዶክተር ጆን ሜሊ በ1936 አዲስ አበባ ስትዘረፍ በጥይት ተመትቶ ሞተ። እነዚህ ሰዎች ስለ ሥልጠናም ስለ ዘላቂነትም የሚያስቡበት ጊዜ አልነበራቸውም። ሰው እየቆሰለ ነበር፣ እነሱ ደግሞ ፋሻ ይዘው ነበር።

ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ጉዞ የተፈጠረው ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው። ኩባ በ1963 ሐኪሞቿን ወደ አልጄሪያ ላከች፤ የኩባው አሠራር ግን መንግሥት ለመንግሥት ስለሆነ ከፈቃደኝነት ይልቅ ለዲፕሎማሲ ይቀርባል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በ1971 መጨረሻ ፈረንሳይ ውስጥ ተመሠረተ። ይህ ድርጅት ያየውን መናገርን የሥራው አካል በማድረጉ ዋጋ ከፍሏል፤ የፈረንሳዩ ክፍል በ1985 የደርግን የግዳጅ ሰፈራ በይፋ ተቃውሞ ከኢትዮጵያ ተባረረ። በ1978 የተመሠረተው መርሲ ሺፕስ መርከብን ሆስፒታል አድርጎ በአፍሪካ ወደቦች ያቆማል። እዚያ የሚሠራው ቀዶ ሐኪምም ሆነ ምግብ አብሳይ የሚበላውንና የሚያድርበትን ከኪሱ ይከፍላል። ኦርቢስ ደግሞ ከ1982 ጀምሮ በአውሮፕላን ውስጥ የዓይን ሆስፒታል አደራጅቶ ከአገር አገር ይዞራል።

የእነዚህ ሁሉ መነሻ እውነተኛ ችግር ነው። ዘ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት የሰየመው የዓለም ቀዶ ሕክምና ኮሚሽን በ2015 ባወጣው ሪፖርት፣ 5 ቢሊዮን ሰዎች ደኅንነቱ የተጠበቀና አቅማቸው የሚችለው ቀዶ ሕክምና እንደማያገኙ፣ ጉድለቱን ለመሙላትም በየዓመቱ ተጨማሪ 143 ሚሊዮን ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልግ ገልጿል። ይህን ቁጥር በሁለት ሳምንት ጉዞ የሚነካው የለም። ታዲያ ጉዞው ምን ይጠቅማል?

መልሱ እንደ በሽታው ይለያያል። የዓይን ሞራ ግርዶሽን እንውሰድ። ልምድ ያለው ሐኪም አንዱን ዓይን በሩብ ሰዓት ገደማ ይጨርሳል፣ በማግስቱ ፋሻው ይነሣል፣ ሰውየው የልጁን ፊት ያያል። ለአጭር ዘመቻ ከዚህ የተሻለ የሚመች ሕክምና አላውቅም። እዚህም ቢሆን ትልቁን ለውጥ ያመጡት ዘመቻዎቹ ብቻ አይደሉም። ኔፓላዊው ዶክተር ሳንዱክ ሩይት በካትማንዱ ባቋቋሙት ማዕከል ዓይን ውስጥ የሚተካው ሌንስ እዚያው መመረት ሲጀምር፣ ቀድሞ ከ100 ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረው ዕቃ በጥቂት ዶላር ይገኝ ጀመር። በእኛም አገር በትራኮማ ምክንያት ወደ ውስጥ የታጠፈን ሽፋሽፍት የሚያስተካክሉት በአብዛኛው ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶች እንጂ የዓይን ስፔሻሊስቶች አይደሉም። ነርሷ እዚያው ወረዳ ስለምትኖር ሽፋሽፍቱ ተመልሶ ቢታጠፍ በሽተኛው የት እንደሚያገኛት ያውቃል።

በሌላው ጫፍ ቆልማማ ሆኖ የተወለደ እግር አለ። በፖንሴቲ ዘዴ ሲታከም ጄሶው በየሳምንቱ እየተቀየረ ሳምንታት ይወስዳል፣ ከዚያም ሕፃኑ ለዓመታት ሌሊት ሌሊት ልዩ ጫማ ያደርጋል። ይህን ከባሕር ማዶ ለሁለት ሳምንት የመጣ ቡድን ሊሠራው አይችልም። የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅ መካከል ላይ ነው። ከንፈሩ ፎቶ ላይ ያምራል፤ የላንቃው ስፌት ቢከፈትና ልጁ የሚጠጣው ወተት በአፍንጫው ቢወርድ ግን ዳግመኛ የሚሰፋ ሐኪም ያስፈልጋል፣ የንግግር ሥልጠናውም ወራት ይፈልጋል። እኔ አንድን የሕክምና ጉዞ ስመዝን መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ሰው ቀዶ ሕክምና እንደተደረገለት አይደለም። ቡድኑ በሄደ በአሥረኛው ቀን የሚያመረቅዝ ቁስል ማን እጅ ላይ ይወድቃል? መልሱ አብዛኛውን ጊዜ በዘመቻው ዕቅድ ላይ ስሟ ያልተጻፈ ተረኛ ነርስ ናት።

የቡድኑ የራሱ ውስጣዊ ጣጣም አለ፣ በተለይ አባላቱ ከተለያየ አገር ሲመጡ። እንግሊዛዊው አድሬናሊን የሚለውን አሜሪካዊው ኤፒንፍሪን ይለዋል፤ በተረጋጋ ሰዓት ሁለቱም ይገባቸዋል፣ የሕመምተኛው ልብ ሲቆም ግን ሦስት ሰከንድም ሦስት ሰከንድ ነው። በአሜሪካ የኦክስጅን ሲሊንደር አረንጓዴ ነው፣ በዓለም አቀፉ ደንብ ደግሞ ነጭ፤ ቀለም አይቶ የሚያነሣ ሰው ሊሳሳት ይችላል። ወደ እኛ አገር ሲመጡ ሰዓቱም ይጨመርበታል፦ “ሁለት ሰዓት እንጀምራለን” ሲባል ግማሹ ቡድን ከሰዓት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ከሁሉ የከፋው ቀጠሮ ነው። ካርዱ ላይ 09/11 ተብሎ ቢጻፍ አሜሪካዊው ለእኛ እንቁጣጣሽ የሚውልበትን ቀን ማለቱ ነው፣ አውሮፓዊው ኖቬምበር 9 ይለዋል፣ ካርዱን የሚያነብ የእኛ አገር ሰው ደግሞ ሐምሌ 9 ብሎ ሊረዳው ይችላል። ልምድ ያላቸው ቡድኖች ወሩን በፊደል ይጽፋሉ።

ሌላው በቂ ወሬ የማይወራለት ነገር ማን ይምጣ የሚለው ነው። ፎቶው የቀዶ ሐኪሙ ነው። ግን ሰመመን የሚሰጥ ባለሙያ ከሌለ፣ መሣሪያ የሚያመክን አውቶክሌቭ ካልሠራ፣ ቀዶ ሐኪሙ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። በታዳጊ አገሮች ሆስፒታሎች ካሉ የሕክምና መሣሪያዎች ወደ 40 በመቶ የሚጠጋው እንደማይሠራ በ2011 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ምክንያቶቹ ተራ ናቸው፦ መለዋወጫ የለም፣ መመሪያው በማይነበብ ቋንቋ ነው፣ በ110 ቮልት የሚሠራው ዕቃ በ220 ላይ ተሰክቷል። ከሦስት ቀዶ ሐኪሞች አንዱን ቀንሶ በቦታው የባዮሜዲካል ቴክኒሻን የሚያመጣ ቡድን ብልህ ቡድን ነው፤ ያ ሰው ሁለት ሳምንቱን ከሆስፒታሉ ቴክኒሻኖች ጋር መጋዘን ውስጥ ቢያሳልፍ የቆሙት ማሽኖች ሊነሡ ይችላሉ። መድኃኒት ይዞ መምጣትም እንዲሁ ሥርዓት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1996 ባወጣው መመሪያ፣ የሚለገስ መድኃኒት አገር ሲገባ ቢያንስ አንድ ዓመት የአገልግሎት ጊዜ ሊቀረው ይገባል። ሊያልፍበት የተቃረበ ሣጥን የሚቀበል ሆስፒታል የሚወርሰው የማስወገጃውን ወጪ ነው።

ሥርዓት የማስያዙ ነገር የተጠናከረው ከሄይቲ በኋላ ነው። በጥር 2010 የመሬት መንቀጥቀጡ ሲደርስ ቡድኖች ከየአቅጣጫው ጎረፉ። ያልተመዘገበ ነበረ፣ ራሱን የሚመግብበት እንኳ ሳይዝ የመጣ ነበረ፣ የሰው እግር ቆርጦ መዝገብ ሳይተው የሄደም ነበረ። ከዚህ በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 የአደጋ ጊዜ የሕክምና ቡድኖችን በደረጃ ከፈለ። ቀዶ ሕክምና የሚሰጠው ሁለተኛው ደረጃ ቢያንስ 20 አልጋ ሊኖረው፣ በቀን 7 ከባድ ወይም 15 ቀላል ቀዶ ሕክምና ማድረግ ሊችል ይገባል፤ ውኃውን፣ መብራቱንና ምግቡን ይዞ መምጣት ደግሞ ግዴታው ነው። ከአደጋ ውጭ በሚደረጉ ጉዞዎችም ጊዜያዊ የሥራ ፈቃድና የተረጋገጠ የትምህርት ማስረጃ መጠየቅ የተለመደ ነው። አንዳንድ እንግዶች ይህን ቢሮክራሲ ይሉታል። በአገራቸው ያለ ፈቃድ መርፌ መውጋት እንደማይችሉ ግን ያውቃሉ።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ። ካትሪን እና ሬጂናልድ ሃምሊን የተባሉት ባልና ሚስት ሐኪሞች በ1959 አዲስ አበባ ሲመጡ የያዙት የሦስት ዓመት ውል ነበር፤ ሥራቸውም በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ማቋቋም ነበር። የፊስቱላ ሆስፒታላቸው በ1974 ተከፈተ፣ ሬጂናልድ በ1993፣ ካትሪን በ2020 አረፉ። ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ እነሱ መቆየት ነው፤ ለእኔ ግን ከዚያ የሚበልጠው የወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ነገር ነው። ሕመምተኛ ሆነው መጡ፣ ከተፈወሱ በኋላ አስታማሚ ሆኑ፣ ቆመው እያዩና እየረዱ ቀዶ ሕክምናን ተማሩ፤ በ1989 ለንደን የሚገኘው የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ከሃምሊኖቹ ጋር የወርቅ ሜዳልያ ሸለማቸው። ከውጭ የሚመጡ ሐኪሞችንም የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና አስተምረዋል። ተማሪ የነበረው አገር ወደ አስተማሪነት የተሻገረበት ግልጽ ምሳሌ ይህ ነው።

ሁሉም ሰው ስልሳ ዓመት ሊቆይ አይችልም። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች ለዚህ ጥሩ መላ አግኝተዋል። በ2003 በመላው ኢትዮጵያ የነበሩት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች 11 ገደማ ነበሩ። ስፔሻላይዝ ለማድረግ ውጭ የሚላከው ሐኪም ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀር ስለነበር፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥልጠናውን እዚሁ ጀመረ። ከቶሮንቶ በዓመት ሦስት ጊዜ፣ ለአንድ አንድ ወር፣ ሁለት መምህራንና አንድ ሬዚደንት እየመጡ ከአዲስ አበባ መምህራን ጎን ያስተምሩ ነበር። ሥርዓተ ትምህርቱን የሚወስነው አዲስ አበባ ነው፣ እንግዳው የተሰጠውን ምዕራፍ ያስተምራል። የሥነ አእምሮ ሐኪሞቹ ቁጥር ከዚያ ወዲህ ብዙ እጥፍ አድጓል፣ ትብብሩም ከ2008 ጀምሮ ወደ ሌሎች ትምህርቶች ሰፍቷል። በ2006 የተጀመረው የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠናም ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተመሳሳይ መንገድ ተሠርቷል።

የኮቪድ ወረርሽኝ ይህን ሁሉ ፈተነው። በመጋቢት 2020 የመርሲ ሺፕስ መርከብ ዳካር ላይ ሥራዋን አቋርጣ ወጣች፣ በረራ ቆመ፣ የአጭር ጊዜ ዘመቻዎች በአንድ ጊዜ ጠፉ። ባለሙያ ያፈሩት ፕሮግራሞች ግን ተመራቂዎቻቸው ሥራ ላይ ነበሩ።

የቀረኝ የዳያስፖራው ጉዳይ ነው። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በሌላው ዓለም የሚሠሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች አስተርጓሚ አያስፈልጋቸውም፣ በጾም ወቅት ሕመምተኛ ለምን ወተት እንደማይነካ ማስረዳት አያስፈልጋቸውም። በ1999 የተመሠረተውን ፒፕል ቱ ፒፕልን የመሳሰሉ ማኅበራት ይህን ኃይል አደራጅተዋል። ድክመታቸው የሚመጣው ከዚያው ከመቀራረብ ነው። አንዳንዱ ከሃያ ዓመት በፊት የተወውን ሆስፒታል በልቡ ይዞ ይመጣና የዛሬውን ወጣት ስፔሻሊስት እንደ ተማሪው ያናግራል፤ ወጣቱም “እሺ ፕሮፌሰር” ብሎ በትሕትና ይሰማና ማታ ለጓደኞቹ ሌላ ነገር ያወራል። ሌላው የጊዜ ነገር ነው። ብዙዎቹ የዓመት ፈቃዳቸውን ከገናና ከጥምቀት ጋር ያያይዙታል፣ በጥር እንግዳው ይበዛል፣ ክረምቱ አልፎ ወባው በሚበረታበት ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ግን የሚመጣው ጥቂት ነው። በዓመቱ ውስጥ ተራ አውጥቶ መምጣት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንዳንዱ ዘንድሮ ገናን ከእናቱ ጋር መዋሉን እንዲተው ነው፣ ይህም ለእናትየዋ ለመንገር ቀላል አይደለም።