ቢጫዋ መብራት ስትበራ፦ የኦክስጅን ሴንሰርን በደጅ መለወጥ

በሰሜን ቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዋሽንግተን ዲሲ በመኪናው ሠርቶ ለሚያድር ሰው በዳሽቦርዱ ላይ የምትበራው ቢጫ የሞተር ምልክት ቀላል ነገር አይደለችም። እሷ በርታ እያለ መኪናው የጭስ ምርመራ አያልፍም። ታክሲ ነድቶ ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ወገን ይህ ከእንጀራው ጋር የተያያዘ ጉዳይ ነው።

ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሳው የኦክስጅን ሴንሰር በጭስ ማውጫው ቧንቧ ላይ እንደ ካንዴላ ተጠምዝዞ የሚገባ ዕቃ ነው። በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን እየለካ ለኮምፒውተሩ ያስታውቃል፤ ኮምፒውተሩም ቤንዚኑን በዚያው ልክ ይመጥናል። ሴንሰሩ ሲበላሽ ቤንዚን ይባክናል፤ ውሎ ሲያድርም ዋጋው እጅግ የከበደውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር ይጎዳል።

ይሁን እንጂ መብራቷ በበራች ቁጥር ሴንሰር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ከ1996 ሞዴል ወዲህ በአሜሪካ የተሸጡ የቤት መኪናዎች ከመሪው ሥር የኮድ ማንበቢያ መሰኪያ አላቸው። ብዙ የመለዋወጫ መደብሮች ኮዱን በነፃ ያነባሉ። ኮዱ ፒ0135 ከሆነ ችግሩ በሴንሰሩ ማሞቂያ ወይም በሽቦው መስመር ላይ ነው። ፒ0171 ከሆነ ግን ወደ ሞተሩ አየር እየሾለከ ወይም ቤንዚን እያነሰ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ሴንሰሩ መስካሪ እንጂ ጥፋተኛ አይደለም።

በኮዱ መግለጫ ላይ «ሴንሰር 1» የሚባለው ከካታሊቲክ ኮንቨርተሩ በፊት ያለው ነው፤ «ሴንሰር 2» ከኋላው ያለው ነው። «ባንክ 1» ደግሞ አንደኛው ሲሊንደር ያለበት የሞተር ጎን ነው። ይህን ሳይለዩ መፍታት ደህናውን አውጥቶ የታመመውን መተው ይሆናል።

ሥራው የሚጀመረው ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቧንቧው እጅ የማያቃጥል ሆኖ ነው። ከሥር የሚገባ ሰው መኪናውን በክሪክ ብቻ አንስቶ ሊገባ አይገባም፤ ጠንካራ የብረት ድጋፍ የግድ ነው። መጀመሪያ የሽቦው ሶኬት ይነቀላል። ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ተረጭቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ ሽቦ ማሳለፊያ ስንጥቅ ባለው፣ አብዛኛውን ጊዜ 22 ሚሊ ሜትር በሆነ የሴንሰር መፍቻ ይፈታል። አዲሱ በመጀመሪያ በእጅ ይጠመዘዛል፤ ጫፉ ዘይትም ሆነ ቅባት ሊነካው አይገባም። ሽቦው ከጋለው ቧንቧ ርቆ መታሰር አለበት። አሮጌው በዝገት ተጣብቆ እምቢ ካለ ግን የቧንቧውን ጥርስ ከማበላሸት ለመካኒክ መተው ይሻላል።

ኮዱ በተደመሰሰ ዕለት ለምርመራ መቅረብ አይጠቅምም። ኮምፒውተሩ የራሱን ፍተሻ እስኪጨርስ መኪናው በከተማም በአውራ ጎዳናም ለጥቂት ቀናት መነዳት ይኖርበታል።

መፍቻ ለመያዝ የማይደፍር ሰውም ቢሆን ኮዱን በወረቀት ጽፎ ጋራዥ ከገባ፣ ምን እንደሚጠይቅና ለምን እንደሚከፍል ያውቃል።