የተጎዳውን መጽሐፍ እንጠግነው፣ እንቅዳው ወይስ እንሰናበተው?

በካምፕ ትምህርት ቤቶቻችን ያሉት መጻሕፍት እያረጁ ነው። ጀርባቸው የተላቀቀ፣ ቅጠላቸው የረገፈ፣ ምስጥ የቀመሳቸው፣ ዝናብ ያራሳቸው ብዙ ናቸው። አንዱ መምህር «እነዚህ ይጣሉና መደርደሪያው ይጽዳ» ይላል፤ ሌላው «አንዲት ገጽ አትጣልም» ብሎ ይሟገታል። ሁለቱም ለተማሪው አስበው ነው። ነገር ግን ሁሉን እንጣል ካልን ተማሪው ባዶ መደርደሪያ ይጠብቀዋል፤ ምትክ የሚገባበት መንገድ ደግሞ የሱዳን ጦርነት ከተጀመረበት ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2023) ወዲህ ጠባብ ነው። ሁሉን እናቆይ ካልንም ያለችን ጥቂት ሙጫ፣ ክርና ጉልበት ለሚነበበውም ለማይነበበውም እኩል ትባክናለች። ታዲያ ምን ይሻላል? በዚህ እትም በዚሁ ላይ እንነጋገር።

ነገሩ ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። ኒው ሀልፋ ራሷ የተፈናቃዮች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ሲሠራ ውኃው ወደ ኋላ እየተኛ ዋዲ ሀልፋን እንደሚውጥ ስለታወቀ፣ የኑቢያ ሰዎች ወደዚህ ወደ ቡጣና ሜዳ እንዲሰፍሩ ተደረገ። «አዲሲቱ ሀልፋ» የሚለው ስምም ከዚያ የመጣ ነው። ያን ጊዜ ውኃው ከመድረሱ በፊት ስለ ጥንቱ ቅርስ መወሰን ነበረበት። የቡሄን ቤተ መቅደስ ድንጋይ በድንጋይ ተፈትቶ ካርቱም ተወሰደና በብሔራዊ ሙዚየሙ ግቢ እንደገና ተገጣጠመ። አጠገቡ የነበረው ትልቁ የጭቃ ጡብ ምሽግ ግን የሚነሳ አልነበረም፤ አጥኚዎች ቆፍረው፣ ለክተው፣ ሥለውና ፎቶ አንስተው መዘገቡት፣ ከዚያ ውኃው ሸፈነው። ሌላ ብዙ ነገር ደግሞ እንዲሁ ቀረ። ማንሳት፣ መመዝገብ፣ መተው፤ በእኛም መደርደሪያ ፊት ያሉት ምርጫዎች እነዚሁ ሦስቱ ናቸው።

መጽሐፉን የሚገድለው ምንድን ነው?

ከመወሰን በፊት በሽታውን ማወቅ ይጠቅማል። አባቶቻችን የጻፉበት ብራና የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ስለሆነ በደንብ ከተያዘ ብዙ መቶ ዓመት ይቆያል። የእኛ የመማሪያ መጻሕፍት ግን አብዛኞቹ የታተሙት በርካሽ ወረቀት ላይ ነው። ይህ ወረቀት ከተፈጨ እንጨት ይሠራል፤ በውስጡም ሊግኒን የሚባል፣ እንጨቱን አጣብቆ የሚይዝ ነገር ይቀራል። ብርሃንና አየር ሲያገኘው ይቢጫል። ወረቀቱ አሲድ ካለበት ደግሞ ቀስ በቀስ ከውስጥ ይበላዋል፣ በመጨረሻም እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰባበራል። ሙቀት ይህን ያፋጥነዋል፤ በግምት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የወረቀቱ እርጅና በእጥፍ ይፈጥናል ይባላል። በገዳሪፍና በኒው ሀልፋ በበጋው መጨረሻ 40 ዲግሪ ማለፉ የተለመደ ነውና፣ ቀዝቃዛ አገር ሃምሳ ዓመት የሚቆይ መጽሐፍ እዚህ ቶሎ ቢያረጅ አይግረማችሁ።

በዚያ ላይ ሙጫው አለ። ብዙ መጻሕፍት የተያዙት በክር ሳይሆን ጀርባቸው ላይ በተቀባ ሙጫ ብቻ ነው። ሙጫው በሙቀት ይለሰልሳል፣ እያደር ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ተማሪው ገልብጦ ሲዘረጋው ቅጠሎቹ እፍኝ እፍኝ እየሆኑ ይወጣሉ። ከሰኔ ጀምሮ ዝናቡ ሲመጣ ደግሞ እርጥበቱ ሻጋታ ያበቅላል፣ ምስጡም ከጥቁሩ አፈር ይነሳል። ሀቡቡ የሚያመጣው አቧራስ? እሱ እንደ አሸዋ ወረቀት ነው፤ ገጽ በተገለበጠ ቁጥር ይፍቃል።

ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ

ብዙዎቻችን መጽሐፍ አንስተን የምንጠይቀው «ምን ያህል ተቀዷል?» ብለን ነው። እኛ ግን ሌላ ጥያቄ ይቅደም እንላለን። ይህ መጽሐፍ ነገ ቢጠፋ ሌላ ማግኘት ይቻላል ወይ? ቢጠፋስ ማን ይቸገራል? መቀደዱ የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው። እንዲያውም በጣም የተቀደደው ብዙውን ጊዜ በጣም የተነበበው ነው። በእርዳታ የመጡና ማንም ስላልነካቸው እንደ አዲስ የሚያብረቀርቁ መጻሕፍት እኮ በየመደርደሪያው አሉ፤ ጤነኛ ስለሆኑ ብቻ የተሻለውን ቦታ መያዝ የለባቸውም።

በምሳሌ እንየው። የመማሪያ መጻሕፍትን እንውሰድ። ኢትዮጵያ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ደረጃ በደረጃ ስታስገባ የመማሪያ መጻሕፍቱም ተቀይረዋል። በአዲሱ ለመፈተን የሚዘጋጅ ተማሪ የድሮውን የባዮሎጂ መጽሐፍ ተማምኖ ቢያጠና በማያውቀው ጥያቄ ይደነግጣል። ስለዚህ የቀድሞውን መጽሐፍ ለመጠገን ሙጫ ከመጨረስ፣ የአዲሱን ፋይል በስልክ አግኝቶ አስፈላጊዎቹን ምዕራፎች ማተም ይሻላል። ሒሳብ ላይ ግን እንዲህ አንቸኩል። እኩልታ ያው እኩልታ ነው፤ የድሮው መጽሐፍ የመልመጃ ክምችት ሆኖ ያገለግላል።

መልኩ ደህና ሆኖ ግን የሚያሳስትም አለ። የወባ ሕክምናን የሚያስተምር የቆየ የጤና መጽሐፍ ክሎሮኪንን የመጀመሪያ መድኃኒት አድርጎ ሊጠቅስ ይችላል። ኢትዮጵያም ሱዳንም ግን እ.ኤ.አ. በ2004 ለፋልሲፓረም ወባ ሕክምናቸውን አርቴሚሲኒን ወዳለባቸው ጥምር መድኃኒቶች ቀይረዋል፤ ተውሳኩ የድሮውን መድኃኒት ለምዶት ነበርና። ወባ በሚመላለስበት በዚህ አገር እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሽፋኑ ቢያምርም ከተማሪ እጅ መውጣት አለበት።

በአትላስ ላይ ግን ለስለስ እንላለን። ደቡብ ሱዳን ሐምሌ 2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2011) ነጻ ስትሆን ሱዳንን በስፋት የአፍሪካ አንደኛ አድርገው የሚያሳዩት ካርታዎች ሁሉ አረጁ። ይሁንና ተራራውና ወንዙ አልተንቀሳቀሰም። ገጹ ላይ «ከ2011 በፊት የተሠራ» የምትል ወረቀት ብትለጥፉበት፣ ይህ አትላስ ድንበር እንዴት እንደሚለወጥ ለማስተማር ከአዲሱ ይልቅ ይመቻል።

ልቦለድስ? «ፍቅር እስከ መቃብር» ከ1958 ዓ.ም. ወዲህ ደጋግሞ ታትሟል፤ አዲስ አበባ ላይ አይጠፋም። የሚተካ መጽሐፍ ነው ማለት ነው። ግን ከአዲስ አበባ እዚህ እስኪደርስ የሚጠብቀው ሰው ስንት ነው? እንደዚህ ያለውን ለጊዜው በቻልነው ሰፍተን እናስነብበዋለን፣ ሰው ሲመጣ አዲስ እናስመጣለን። ለእሱ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም።

የማይተካው የትኛው ነው?

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ከመደርደሪያው ሁሉ ሊተካ የማይችለው ብዙ ጊዜ መጽሐፍ የማንለው ነው። መምህራን በእጃቸው የጻፏቸው የትምህርት ማስታወሻዎች፣ የድሮ የዜና መጽሔት ቅጂዎቻችን፣ የተማሪ ስምና ውጤት የያዘው የክፍል መዝገብ፣ ሽማግሌዎች ነግረዋቸው ተማሪዎች በደብተር የመዘገቡት ተረት፤ እነዚህ በዓለም ላይ አንድ ቅጂ ብቻ ናቸው። ከካምፕ ወደ ካምፕ ለሚዘዋወር ተማሪ ስምንተኛ ክፍል መጨረሱን የሚመሰክርለት ያ የክፍል መዝገብ ብቻ ሊሆን ይችላል። ታዲያ ብዙ ጊዜ ወለል ላይ በካርቶን ተቀምጦ የሚገኘው እሱ ነው!

አንድ ቅጂ ብቻ መኖሩ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ በቅርቡ አይተናል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የነበረው የሙሐመድ ዑመር በሺር የሱዳን ጥናት ማዕከል በጦርነቱ ተቃጥሏል። ገበያ ላይ ያለ መጽሐፍ ቢቃጠል በገንዘብ ይመለሳል፤ ሌላ ቦታ ያልተቀዳ ሰነድ ግን ተመልሶ አይገኝም።

ለመቅዳት ጥሩ አርአያ አገራችን አላት። እ.ኤ.አ. በ1973 በኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ተጀመረ። በሺዎች የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት ፎቶ ተነሥተው አንዱ ቅጂ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ በሚገኝ የገዳም ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም እዚያ ሆነው ለረጅም ዓመታት ዝርዝራቸውን አዘጋጁ። እኛን የሚመለከተን ቁም ነገሩ መጽሐፉ ከባለቤቱ ጋር ሲቀር ጽሑፉ ግን በሌላ ቦታ ሁለተኛ ቅጂ ማግኘቱ ነው።

እኛ ማይክሮፊልም የለንም፤ ስልክ ግን አለን። መዝገቡን ጥላ ውስጥ በቀን ብርሃን ዘርጉት፤ የስልኩን መብራት አታብሩ፣ ገጹን ያነጣዋል። አንድ ሰው ገጹን ይያዝ፣ ሌላው ያንሳ፤ የገጽ ቁጥር የሌለው ከሆነ በእርሳስ ቁጥር ስጡት። ፎቶዎቹን በሁለት ሚሞሪ ካርድ ላይ አድርጋችሁ ሁለቱን በተለያየ ቦታ አስቀምጡ፣ በየስድስት ወሩም ከፍታችሁ እዩ፤ ካርድም ይበላሻልና። የተማሪ ስም ያለበትን ግን በቴሌግራም ወዲያና ወዲህ አትላኩ። ስደተኛ የት እንዳለ መታወቁ አንዳንዱን ሰው ችግር ላይ ይጥለዋል። ገበያ ላይ ያለን የደራሲ መጽሐፍ ሙሉውን ቀድቶ ማሰራጨትም ሌላ ነገር ነው፤ የደራሲው እንጀራ ነው።

እንጠግን ካልን

መጠገን የወሰናችሁትን መጽሐፍ አስቀድማችሁ ፈትኑ። የማይጠቅም ገጽ ጥግ ወዲያና ወዲህ ሁለት ሦስቴ እጠፉ። ወዲያው ከተሰበረ ወረቀቱ ስለደረቀ ክር አይዘውም፤ ስፌቱ ራሱ ይቆርጠዋል። እንዲህ ያለው አሁንም ይነበባል እንጂ አይሰፋም፤ በካርቶን አቃፊ ውስጥ ይቀመጥ፣ የማይተካ ከሆነም ይቀዳ።

ወረቀቱ ጠንካራ ሆኖ ሙጫው ብቻ የለቀቀው ግን የሚድን ነው። ቅጠሎቹን በተራ ደርድራችሁ በሁለት ጣውላ መሃል አጥብቁ፣ በጀርባው በኩል በወስፌ አምስት ቀዳዳ ብሱ፣ ሰም በተቀባ የጥጥ ክር ስፉ። ጽሑፉ ወደ ጀርባው የተጠጋ ከሆነ ግን ስፌቱ ቃላት ይውጣል፤ ያኔ ጀርባውን በኮላ ቀብቶ ጨርቅ መለጠፍ ይሻላል። በሽቦ የተያዘ ቀጭን መጽሐፍ ከሆነ የዛገውን ሽቦ ነቅላችሁ በዚያው እጥፋት ላይ በክር ስፉት።

የተቀደደ ገጽን በስኮች አትለጥፉ። ዛሬ ያማረ ይመስላል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን ፕላስቲኩ ይነሳና ቡናማ እድፍ ትቶ ጽሑፉን ይሸፍናል። በምትኩ አንድ እጅ የስንዴ ዱቄት በአምስት እጅ ውኃ እያማሰላችሁ እስኪወፍር አብስሉ፣ ሲበርድ በስሱ ቀቡ። የሚለጠፈው ስስ ነጭ ወረቀት በመቀስ ሳይሆን በእጅ የተቀደደ ይሁን፣ ጠርዙ ለስላሳ ስለሚሆን ከገጹ ጋር ይስማማል። ከላይና ከታች ፌስታል አድርጋችሁ ክብደት ጫኑበት። ይህ ሙጫ በሁለት ቀን ይኮመጥጣል፤ ብዙ አታብስሉ፣ አይጥና በረሮም ይወደዋልና በወፍራሙ አትቀቡ።

አቀማመጡን ደግሞ ከአብያተ ክርስቲያናት እንማር። የብራና መጽሐፍ በቆዳ ማኅደር ገብቶ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ከወለል ስለራቀ ምስጥም አይጥም እርጥበትም በቀላሉ አያገኘውም። እኛም መደርደሪያውን ከግድግዳ አንድ ስንዝር እናርቀው፣ እግሮቹን የተቃጠለ ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ እናቁማቸው። መጽሐፍ ላይ ግን ፀረ ተባይ አይረጭ፤ ልጆች ጣታቸውን በምራቅ እያራሱ ነው የሚገልጡት።

ዝናብ የመታው መጽሐፍ ሲገጥማችሁ ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ይጣመማል። የሱዳኑ የገመድ አልጋ፣ አንገረብ፣ ለዚህ የተሠራ ይመስላል፤ ራኩባ ሥር አድርጋችሁ መጽሐፉን በላዩ አቁሙት፣ ነፋስ ከታችም ከላይም ያገኘዋል። ሻጋታው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አትጥረጉት፣ ስትጠርጉም ከቤት ውጭ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ ይሁን። አስም ያለበት ሰው አይንካው።

የምትሰናበቱትንም ቢሆን ቶሎ ወደ ሱቅ ለስኳር መጠቅለያ አትስደዱት። አንድ ዓይነት ሁለት መጻሕፍት ተጎድተው ከሆነ የአንዱን ደህና ገጾች ለሌላው ስጡ፣ ከሁለት ጎዶሎ አንድ ሙሉ ይወጣል። ሥዕሉና ካርታው ለግድግዳ ይሆናል። ከዚያ ከመዝገቡ ስሙን በአንድ መስመር ሰርዛችሁ ቀኑንና ምክንያቱን አጠገቡ ጻፉ። መጽሐፍ ሊሰጥ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «ምን ጎደላችሁ?» ብሎ ነው፤ መልሱም እዚያ መዝገብ ላይ ይገኛል።