ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና በኋላ እግሬ ለምን አበጠ?

ቀዶ ሕክምናው ከተደረገልኝ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል፡፡ አንድ ቀን ጠዋት ካልሲ ላጠልቅ ጎንበስ ስል የግራ እግሬ ከቀኙ በግልጽ ወፍሮ አየሁት፡፡ በጣቴ ስጫነው ጎድጉዶ ይቀራል፡፡ ከእምብርቴ በታች ይከብደኛል፤ ለሽንትም በየሰዓቱ እመላለሳለሁ፡፡ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፡፡ በልቤ ግን ‹‹ካንሰሩ ወደ እግሬ ወረደ›› ብዬ ደምድሜ ነበር፡፡

ነዋሪነቴ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ በምትገኘው ለገዳዲ ነው፡፡ ጎረቤት ሊጠይቀኝ ሲመጣ እግሬን በጋቢ እሸፍናለሁ፡፡ ያም ሆኖ ያዩት አልጠፉም፤ እንደ ልማዳችንም ሁሉም የየራሱን መድኃኒት አዘዘ፡፡ አንዷ ‹‹ምች ነው፣ ዳማከሴ ይታሽ›› አሉ፡፡ ሌላው ጸበል መከሩኝ፡፡ አንድ ሽማግሌ ወዳጄ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ‹‹ዝሆኔ እንዳይሆን›› አሉኝ፡፡ በዚህ ሁኔታ 12 ቀናት አለፉ፡፡ በመጨረሻ ልጄ ጋቢውን ገልጣ፣ ‹‹አባዬ፣ ይኼን ይዘህ ነው ዝም ያልከው?›› ብላ በዚያው ቀን አዲስ አበባ ይዛኝ ሄደች፡፡

በአልትራሳውንድ ሲታይ ካንሰሩ አልተመለሰም፡፡ በዳሌዬ ውስጥ ትልቅ ብርቱካን የሚያህል ፈሳሽ ተጠራቅሞ የእግሬን ደም መላሽ ሥር ተጭኖታል፡፡ ደሙ መንገዱ ስለጠበበበት ጭኔ ላይ መርጋት ጀምሯል፡፡ የረጋው ደም ተቆርሶ ወደ ሳንባ ቢሄድ ሊገድለኝ ይችል ነበር፡፡ ካንሰሩን ፈርቼ ዝም ስል፣ ሊታከም በሚችል ነገር ልሞት ነበር ማለት ነው፡፡ ይህን የምጽፈው በእኔ የደረሰ በሌላው እንዳይደርስ ነው፡፡

ሁለተኛው መስመር

ዕድሜዬን በውሃ መስመር ሥራ ያሳለፍኩ በመሆኔ ሐኪሙ ሲያስረዳኝ ነገሩ ቶሎ ገባኝ፡፡ የምኖርበት የለገዳዲ ግድብ ለአዲስ አበባ ውሃ ከሚልኩት አንዱ ነው፡፡ ይሁን እንጂ ውሃ መላክ ብቻውን አይበቃም፤ የተረፈውን የሚሰበስብ ሌላ መስመር ከሌለ ሰፈሩ ይጥለቀለቃል፡፡

የሰው ሰውነትም እንዲሁ ነው፡፡ ልብ ደምን ሲገፋ ከቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ፈሳሽ ወደ ሥጋችን ይሰርጋል፡፡ አብዛኛው ተመልሶ ይገባል፡፡ የቀረውን፣ በውስጡ ካለው ፕሮቲን ጋር፣ የሚሰበስቡት ሊምፍ የሚባለውን ፈሳሽ የሚያጓጉዙት ቱቦዎች ናቸው፡፡ እነዚህ ፈሳሹን ወደ ላይ አድርሰው አንገት አካባቢ ከደም ጋር ይቀላቅሉታል፡፡ በመንገዳቸው ላይ እንደ ማጣሪያ የሚያገለግሉ ባቄላ የሚመስሉ ዕጢዎች አሉ፡፡ እግር ሲቆስል ብሽሽት ላይ አብጠው ‹‹ንፍፊት ወጣብኝ›› የምንላቸው እነዚሁ ናቸው፡፡

ይህ መስመር እንደ ልብ ያለ ፓምፕ የለውም፡፡ ፈሳሹ የሚንቀሳቀሰው በቱቦዎቹ መኮማተርና በጡንቻዎቻችን እንቅስቃሴ ነው፡፡ ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ፡፡

ቀዶ ሕክምናው ምን ይነካል?

የፕሮስቴት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ሲደረግ የሚወጣው ሁልጊዜ ፕሮስቴቱ ብቻ አይደለም፡፡ ካንሰሩ የመሠራጨት ዕድል አለው ተብሎ ሲገመት ሐኪሞቹ በዳሌ ውስጥ ያሉትን የሊምፍ ዕጢዎችም አውጥተው ያስመረምራሉ፡፡ በሽታው ምን ያህል እንደተጓዘ የሚታወቀውና ቀጣዩ ሕክምና የሚወሰነው በዚህ ነው፡፡ ስለዚህ የዕጢዎቹ መውጣት ስህተት አይደለም፤ የሚጠቅም ሥራ ዋጋ ነው፡፡

ችግሩ ዕጢ ሲወጣ ወደሱ የሚገቡት ቱቦዎች መቆረጣቸው ነው፡፡ የተቆረጠ የደም ሥር ደሙ ረግቶ ይደፍነዋል፡፡ ሊምፍ ግን እንደ ደም ቶሎ አይረጋም፡፡ ሐኪሙ ቱቦዎቹን ቢያስርም ካመለጡት ፈሳሹ እየተንጠባጠበ በዳሌ ጎድጓዳ ቦታ ይጠራቀማል፡፡ ይህ ክምችት ሊምፎሲል ይባላል፡፡ በብዙዎቹ ላይ አነስተኛ ስለሚሆን ምንም ሳይሰማቸው በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ሰውነታቸው መልሶ ይመጠዋል፡፡ በጥቂቶች ላይ ግን ያድጋል፡፡ ፊኛን ሲጫን ሽንት ያመላልሳል፤ ደም መላሹን ሲጫን እግር ያሳብጣል፤ ጀርም ከገባበት ደግሞ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያመጣል፡፡

የታከምኩበት ሆስፒታል ሲያሰናብተኝ የሰጠኝ ወረቀት ስለ ክኒንና ስለ ቀጠሮ እንጂ ስለዚህ አንድ ቃል አልነበረውም፡፡ እኔም አልጠየቅኩም፡፡

ምን ተደረገልኝ?

በመጀመሪያ በመርፌ ትንሽ ፈሳሽ ተወስዶ ክሪያቲኒን የተባለው ንጥረ ነገር ተለካ፡፡ ምክንያቱም ከፊኛ የሚያፈስ ሽንትም እዚያው ቦታ ሊጠራቀም ይችላል፡፡ ሽንት ከሆነ መጠኑ በደም ውስጥ ካለው እጅግ ይበልጣል፤ ሊምፍ ከሆነ ተቀራራቢ ነው፡፡ የእኔው ሊምፍ ሆነ፡፡ ከዚያ በአልትራሳውንድ እየታየ ቀጭን ቱቦ ገባልኝና ፈሳሹ ቀስ በቀስ ወጣ፡፡ በመርፌ አንድ ጊዜ መጥጦ መተው ብዙ ጊዜ ተመልሶ ስለሚሞላ ቱቦው ለቀናት ይቆያል፡፡ ለረጋው ደም ማቅጠኛ መድኃኒት ተጀመረልኝ፡፡

በዚህ ለማይቆምላቸው ሌላ መንገድ አለ፡፡ የክምችቱን ግድግዳ የሚያጣብቅ መድኃኒት ይከተታል፤ ወይም ክምችቱ ወደ ሆድ ዕቃ መስኮት ይከፈትለታል፡፡ የሆድ ዕቃ ሽፋን ፈሳሽ የመምጠጥ ችሎታ አለው፡፡ በውጭ አገር በሮቦት የሚሠሩ አንዳንድ ሐኪሞች ይህን በመጠቀም ገና በመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ላይ መውረጃ ያበጁለታል፡፡ ለእኔ ይህ ንጹሕ የውሃ ምሕንድስና ነው፡፡

‹‹ዝሆኔ›› ያሉኝ ሽማግሌ

ፈሳሹ ከወጣ በኋላ እግሬ ጎደለ፤ ፈጽሞ ግን ወደ ነበረበት አልተመለሰም፡፡ ማምሻውን ቁርጭምጭሚቴ ያብጣል፡፡ ይህ ሊምፍኤዴማ ይባላል፡፡ ከወራት አልፎ ከዓመታት በኋላም ሊመጣ ይችላል፤ በተለይ የጨረር ሕክምና ከታከለ ዕድሉ ይጨምራል፡፡ ሽንት የሚያበዙ ክኒኖች አይፈውሱትም፡፡

እዚህ ላይ ሽማግሌው ወዳጄ ከእውነቱ ብዙም አልራቁም ነበር፡፡ በአገራችን ዝሆኔ ከምንለው ብዙው ፖዶኮኒዮሲስ ነው፡፡ እሳተ ገሞራ በፈጠረው ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄዱ ሰዎች ላይ የአፈሩ ብናኝ በቆዳ ገብቶ የእግርን የሊምፍ መስመር ያበላሻል፡፡ ይህን በኢትዮጵያ ያጠኑት እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ናቸው፡፡ በ2012 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የዶክተር ፋሲል ተኮላና የባልደረቦቻቸው ጥናት ደግሞ ለበሽታው ተጋላጭነት በዘርም እንደሚወረስ አሳይቷል፡፡ የእነሱ መስመር በአፈር፣ የእኔው በቢላ ተጎዳ፡፡ በሽታው የተለያየ ነው፤ የእግሩ እንክብካቤ ግን አንድ ነው፡፡

ይህ እንክብካቤ በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን ላይ ተፈትኖ ውጤቱ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል፡፡ እግርን መታጠብ፣ ቆዳን በቅባት ማለስለስ፣ በፋሻ መጠቅለል፣ እንቅስቃሴ፣ ካልሲና ጫማ ብቻ፡፡ በድንገት እግርን የሚያቃጥለውና በትኩሳት የሚጥለው ሕመም ድግግሞሽ በ19 በመቶ ገደማ ቀንሷል፡፡ ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ፣ በገጠር ገበሬ ቤት የተፈተነ ሕክምና ነው፡፡

እኔም የምከተለው እሱኑ ነው፡፡ ማታ ማታ እግሬን በሳሙና ታጥቤ በጣቶቼ መሐል ሳይቀር አደርቃለሁ፤ ቫዝሊን እቀባለሁ፡፡ ስቀመጥ እግሬን ከፍ አደርጋለሁ፡፡ ሐኪሜ የረጋው ደም ሁኔታ አሳስቦት ካየኝ በኋላ የፈቀደልኝን አጥብቆ የሚይዝ ካልሲ አጠልቃለሁ፡፡ ጠዋት ደግሞ በእግሬ እጓዛለሁ፤ የሊምፍ ፓምፑ ጡንቻ ነው ብዬ የለም?

ለሚታከሙና ለቤተሰቦቻቸው

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፡፡ ‹‹የሊምፍ ዕጢዎች ይወጣሉ ወይ? እግሬ ቢያብጥ ለማን ልደውል?›› ከሕክምናው በኋላ አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ባት ወይም ጭን ከታመመ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ወይም የታች ሆድ ከከበደ ቀጠሮ አትጠብቁ፡፡ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ በዚያችው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፡፡ ቤተሰብም ቢሆን ‹‹እንዴት አደርክ?›› ብሎ መጠየቁ ብቻ አይበቃም፡፡ እኛ ወንዶች ‹‹ደህና ነኝ›› ማለት እናውቅበታለን፡፡ እንደ ልጄ ጋቢውን ገልጣችሁ እዩ፡፡