በፍሳሽ ዝቃጭ ብስባሽ ውስጥ ስለሚገኙ ከባድ ብረቶች

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ሰው የጥቁር አፈር ናሙና በትንሽ ከረጢት ይዞ በአምደወርቅ ወደሚገኘው መደብራችን መጣ። ዕቃው ከትልቅ ከተማ የመጸዳጃ ቤት ዝቃጭ ተብላልቶ የተዘጋጀ ማዳበሪያ መሆኑን ገልጦ፥ አንድ የጭነት መኪና ሙሉ ብንረከበው ለደሃና ገበሬዎች በቶሎ እንደሚሸጥ አስረዳን። ዋጋውም ከፋብሪካው ማዳበሪያ በብዙ ያነሰ ነበር። አሠሪዬ ነገሩን መርምሬ በጽሑፍ እንዳቀርብላቸው ስላዘዙኝ፥ ያገኘሁትን ለንግድ ባልደረቦቻችንም ባካፍል ይጠቅማል ብዬ ይህን አቀረብሁ።

በዋግ ምድር የማዳበሪያን ችግር ማስረዳት አያስፈልግም። ተዳፋቱ መሬት በጐርፍ እየታጠበ ሳስቷል፤ የከብቱም እበት ወደ እርሻ በመመለስ ፈንታ ኩበት ሆኖ ከምድጃ ይገባል። የሰው ዓይነ ምድር ግን በሚገባ የበሰበሰ እንደ ሆነ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይሰጣል፤ አፈሩንም አለስልሶ ውሃ እንዲይዝ ያደርገዋል። ሥራው አዲስ አይደለም፤ በአሜሪካ የምትገኘው የሚልዋኪ ከተማ ከፍሳሿ የተዘጋጀ ማዳበሪያ መሸጥ የጀመረችው በፈረንጅ አቈጣጠር በ1926 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የመጣልን ሐሳብ በመሠረቱ የሚናቅ አልነበረም።

ሰውየው አጥብቆ የነገረን ዕቃው ሽታ እንደሌለውና ንጹሕ እንደ ሆነ ነው። በከፊል እውነቱን ነው። ክምሩ በደንብ ሲብላላ ሙቀቱ ከ55 ዲግሪ ያልፋል፤ ይህ ሙቀት ለብዙ ቀናት ቆይቶ ክምሩም እየተገላበጠ ሁሉም ክፍል ከሞቀ፥ የበሽታ ተሕዋስያንና የወስፋት ዕንቊላል ይሞታሉ። ብረት ግን አይሞትም፥ አይበሰብስም፥ ተንኖም አይጠፋም። እኛ ነጋዴዎች ነገሩን ከእህል ልናውቀው እንችላለን፤ ጠጠር ያለበትን እርጥብ እህል አስጥተን ብናደርቅ የእህሉ ክብደት ይቀንሳል፥ ጠጠሩ ግን እንዳለ ይቈያል። በብስባሹም የሚሆነው ይኸው ነው። ለምሳሌ በኪሎ 10 ሚሊግራም ካድሚየም ያለበት አንድ ኩንታል ደረቅ ዝቃጭ ተብላልቶ 50 ኪሎ ቢቀር፥ በኪሎ የሚገኘው ካድሚየም 20 ሚሊግራም ይሆናል። ገለባ ቢጨመርበት በኪሎ ያለው መጠን ዝቅ ይላል፤ ከዝቃጩ ወደ እርሻው የሚገባው ጠቅላላ ብረት ግን ያው ነው።

ይህ ብረት ከየት ይመጣል ቢባል፥ ከሰው ሆድ የሚወጣው ጥቂት ነው። አብዛኛው ከቆዳ ፋብሪካ፥ ከጋራዥ፥ ከባትሪ፥ ከቀለምና ከብረት ቅብ ሥራ ከፍሳሹ ጋር የሚቀላቀል ነው። ሁሉንም በአንድ ዓይን ማየት አይገባም። ዚንክና መዳብ በጥቂቱ ለአዝመራ የሚያስፈልጉ ናቸው፤ እንዲያውም ዚንክ በሚያንሰው የአገራችን አፈር ላይ ዚንክ የተቀላቀለበት የፋብሪካ ማዳበሪያ እንዲጨመር ሲመከር ቆይቷል። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣው ክሮሚየም አብዛኛው ከአፈር ጋር ተጣብቆ የሚቀር ነው። እርሳስም በሥር በኩል ብዙ አይወጣም፤ ነገር ግን አቧራው በቅጠል ላይ ያርፋል፥ በሕፃናትም እጅ ወደ አፍ ይገባል።

ከሁሉ የሚያሠጋው ካድሚየም ነው። ተክሉ ሳይጠወልግና ሳይቀጭጭ ይስበዋልና ገበሬው አንዳች ምልክት አያይም፤ የበላው ሰው ኵላሊት ውስጥ ግን ለብዙ ዓመታት ይጠራቀማል። በጃፓን በጂንዙ ወንዝ ዳር የማዕድን ማውጫ ፍሳሽ በገባበት ማሳ የበቀለውን ሩዝ የበሉ ሰዎች አጥንታቸው እየሳሳ ይሰበር ነበር፤ ሕመሙንም «ኢታይ ኢታይ»፥ ማለት «ያማል ያማል» አሉት። የጃፓን መንግሥት ምክንያቱ ካድሚየም መሆኑን በ1968 (በፈረንጅ) አስታወቀ።

በአገራችንም ቢሆን ለዚህ የሚቀርብ ነገር አለ። በአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዞች ዳር ፋብሪካ ፍሳሽ በሚለቅበት ውሃ ለብዙ ዓመታት ቆስጣ፥ ሰላጣና ጎመን ሲመረት፥ ተመራማሪዎች ቅጠሉን መርምረው ክሮሚየም፥ ካድሚየምና እርሳስ አግኝተውበታል። የወንዝ ውሃና ብስባሽ አንድ አይደሉም፤ ይሁን እንጂ የከተማ ፍሳሽ ምን ሊሸከም እንደሚችል ያሳያል። ቅጠላ ቅጠል ከገብስና ከስንዴ ፍሬ ይበልጥ ብረት ይይዛል። አፈሩ ኮምጣጣ ከሆነ ደግሞ ካድሚየም ወደ ተክሉ በቀላሉ ይገባል፤ ኖራ ቢጨመር ይቀንሳል።

የአውሮፓ ማኅበር በ1986 (በፈረንጅ) ባወጣው ደንብ፥ ለእርሻ በሚውል ዝቃጭ ውስጥ የሚፈቀደው የካድሚየም ከፍተኛ መጠን በደረቅ ኪሎ ከ20 እስከ 40 ሚሊግራም ባለው ወሰን ውስጥ እንዲሆን አገሮቹን አዟል፤ በአንድ ሄክታርም በአማካይ በዓመት ከ150 ግራም እንዳይበልጥ ወስኗል። በሒሳብ ቢታይ፥ 20 ሚሊግራም ያለበት ብስባሽ በሄክታር 75 ኩንታል ሲደርስ ዓመቱን ሙሉ የሚፈቀደውን ጨረሰ ማለት ነው። የተጨመረው ብረት ደግሞ አብዛኛው ለከርሞም ከዚያው አፈር ላይ አለ።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ዕቃ የሚቀርብለት ነጋዴ ከዋጋው አስቀድሞ የዝቃጩን መነሻ ይጠይቅ። ከመኖሪያ ቤቶች ጕድጓድ ብቻ የተመጠጠ ነው ወይስ ፋብሪካና ጋራዥ ከሚለቁበት መስመር? ሁለተኛም የላቦራቶሪ ወረቀት ይጠይቅ፤ ወረቀቱም ካድሚየምን፥ እርሳስን፥ ክሮሚየምን፥ ሜርኩሪንና ኒኬልን በኪሎ ሚሊግራም ለይቶ የሚያሳይ፥ የናሙናውም ቍጥር ከሚጫነው ዕቃ ጋር የሚስማማ ይሁን። «ተመርምሯል» የሚል ማኅተም ብቻውን አይበቃም።

በበኩሌ ከሩቅ ከሚመጣው ይልቅ የራሳችን ከተማ ጕድጓድ ይሻላል ባይ ነኝ። የአምደወርቅ መጸዳጃ ቤቶች ከፋብሪካ መስመር ጋር አልተገናኙም፤ ያለቀ ባትሪ ድንጋይ፥ የቀለም ቆርቆሮና የመኪና ባትሪ ውሃ እንዳይጣልባቸው መጠበቅ ግን ያስፈልጋል። ይህን በየመደብሩ በር ለደንበኛ መንገር ምንም ወጪ የለውም።

አሠሪዬ ይህን ካነበቡ በኋላ ወረቀቱ ሳይመጣ አንድም ከረጢት እንዳንረከብ አዘዋል። ሰውየው ወረቀቱን በሚቀጥለው ጕዞው ይዞ እንደሚመጣ ነግሮን ሄዷል፤ ናሙናው እስካሁን በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ነው።