አብሽላግ የመብራት ዋጋ አይደለም

ጀርመን አገር ቤት ተከራይቶ የገባ ሰው ከሚደነግጥባቸው ደብዳቤዎች አንዱ የመብራት ዓመታዊ ሂሳብ ነው። በየወሩ 70 ዩሮ ከባንክ ሲቆረጥ ከርሟል፤ አንድም ወር አላለፈውም። ከዚያ አንድ ቀን ፖስታው ሲከፈት «214 ዩሮ ቀሪ ይክፈሉ» ይላል። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ ተጭበርብሬያለሁ የሚል ነው። አንዳንዱ ስልክ ደውሎ ይጣላል፣ አንዳንዱ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከቶ ይረሳዋል፤ ይኼኛው ነው የሚያሳዝነው፣ ምክንያቱም ዝም የተባለ ደብዳቤ ወጪ ይወልዳል።

ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። አገር ቤት ቆጣሪ አንባቢ መጥቶ ያነባል፣ በተነበበው ልክ ሂሳብ ይመጣል። የካርድ ቆጣሪ ያለው ደግሞ የሞላውን ያህል ይጠቀማል፣ ሲያልቅ ይጠፋበታል። በሁለቱም መንገድ የተከፈለው ገንዘብና የበራው መብራት አይራራቁም። ጀርመን ውስጥ ግን አብዛኛው ቤት ቆጣሪው የሚነበበው በዓመት አንዴ ነው። እስከዚያው ኩባንያው የቀድሞውን ተከራይ ፍጆታ ወይም የቤተሰቡን ቁጥር አይቶ «በዓመት ይህን ያህል ይጠቀማሉ» ብሎ ይገምታል፤ ግምቱን በዋጋው ያባዛል፣ ለወራቱ ያካፍላል። አብሽላግ የሚባለው ይህ ነው። ቀብድ ነው ቢባል ይቀላል፤ እውነተኛው ሂሳብ የሚሠራው ቆጣሪው ሲነበብ ነው።

ውሉ ላይ ሁለት ዋጋዎች አሉ። ግሩንድፕራይስ መብራት በራም አልበራም፣ አገር ቤት ሄደው ሁለት ወር ቢቆዩም የሚከፈል ነው። በእርግጥም ቋሚ ወርሃዊ ክፍያ ሊባል የሚችለው እሱ ብቻ ነው። አርባይትስፕራይስ ደግሞ ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፈል ሲሆን በሴንት ይጻፋል። የመስመር ኪራዩ፣ 2.05 ሴንት የመብራት ግብሩና ሌሎች ክፍያዎች እዚያው ውስጥ ናቸው፤ በጠቅላላው ላይ 19 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። ይህንን ማንም ደንበኛ ሊለውጠው ስለማይችል ብዙ አያስጨንቅ።

ባልና ሚስት እንውሰድ። ታክሱን ጨምሮ ግሩንድፕራይሱ በወር 12 ዩሮ፣ አርባይትስፕራይሱ 35 ሴንት ይሁን። ኩባንያው 2,000 ኪሎዋት ሰዓት ገመተላቸው። ለፍጆታው 700 ዩሮ፣ ቋሚው 144 ዩሮ፣ በድምሩ 844 ነው፤ ለ12 ወር ሲካፈል 70 ዩሮ ገደማ ይመጣል። ዓመቱ ሲያልቅ ቆጣሪው የቆጠረው ግን 2,600 ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሂሳባቸው 910 ሲደመር 144፣ ማለትም 1,054 ዩሮ ነው። የከፈሉት 840 ነው። የቀረው 214 ዩሮ ናኽጻሉንግ ይባላል። በዚያው ደብዳቤ ላይ ግምቱም ይስተካከልና አዲሱ አብሽላግ ወደ 88 ዩሮ ከፍ ይላል። ሁለቱ ባንድ ላይ ሲመጡ መብራት የተወደደ ይመስላል፤ ዋጋው ግን ያው 35 ሴንት ነው። ተቃራኒውም ይሆናል፤ ከግምቱ በታች የተጠቀመ ሰው ጉትሃበን፣ ማለትም ተመላሽ ይኖረዋል።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ፤ አጥብቄ የምናገረውም እሱን ነው። አነስተኛ አብሽላግ ርካሽ መብራት ማለት አይደለም። በር እያንኳኳ ወይም ስልክ እየደወለ «በወር 45 ዩሮ ብቻ» የሚል ሻጭ ስለ ዋጋው ምንም አልነገረዎትም። ፍጆታውን ዝቅ አድርጎ ገምቶ ይሆናል፤ ወይም ለአዲስ ደንበኛ የሚሰጠውን ቦነስ ቀንሶ አስልቶ ይሆናል፤ ቦነሱ ደግሞ በሁለተኛው ዓመት የለም። ሁለት ጥያቄ ብቻ ይጠይቁት፦ ግሩንድፕራይሱ ስንት ነው? አርባይትስፕራይሱስ? የቆጣሪዎን ቁጥር ግን አይስጡት፤ በዚያ ቁጥር ሳይፈልጉ ኩባንያ ሊያስቀይርዎት ይችላል። በር ላይ ፈርመው ከሆነ በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መሻር መብትዎ ነው።

አሁን ወደ ቆጣሪው እንውረድ፤ ብዙ ጊዜ ምድር ቤት ወይም ደረጃ ሥር ባለ ሳጥን ውስጥ ነውና። አሮጌው ጥቁር ሲሆን መሐሉ ላይ ጠፍጣፋ ብረት ይሽከረከራል፤ የሚጻፈው ከነጥቡ በፊት ያለው ቁጥር ነው። አዲሱ ዲጂታል ነው፤ በስክሪኑ ላይ 1.8.0 ከሚለው ምልክት ጋር የሚታየው የተጠቀሙት ኪሎዋት ሰዓት ነው። 2.8.0 የሚለው በሶላር አመንጭተው ወደ መስመር ለሚልኩ ሰዎች ስለሆነ ይለፉት። አሥር ቆጣሪ በተደረደረበት ሕንጻ የጎረቤትን ሂሳብ ሲከፍሉ መኖር ይቻላል፤ ስለዚህ ቆጣሪው ላይ ያለው ቁጥር ሂሳቡ ላይ ካለው ጋር መግጠሙን ያረጋግጡ። ከተጠራጠሩ ቤትዎ ውስጥ ያለውን ፊውዝ በሙሉ ያጥፉና ወርደው ይዩ፤ የእርስዎ ቆጣሪ ከሆነ ይቆማል። ደብዳቤውም ላይ ንባቡ ከማን እንደመጣ ተጽፏል። «ገሼትስት» ካለ ማንም አላነበበውም፣ በግምት የተሞላ ነው፤ ቆጣሪውን ፎቶ አንሥተው ትክክለኛውን ቁጥር ይላኩና ሂሳቡ እንዲታረም ይጠይቁ።

በየወሩ መጀመሪያ ንባቡን የሚጽፍ ሰው ዓመቱን ሙሉ አይደነግጥም። ከላይ ባሉት ባልና ሚስት ውል 70 ዩሮ የሚሸፍነው በወር 166 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። በሦስት ወር ውስጥ ወደ 650 ከቆጠረ በየወሩ 18 ዩሮ ያህል እየጎደለ መሆኑን ያውቃሉ፤ ደውለው አብሽላጉን ከፍ ማስደረግ ወይም ያንኑ ያህል ለብቻ ማስቀመጥ የእነሱ ምርጫ ነው። ክረምት ላይ ፍጆታ ስለሚጨምር ግን በታኅሣሥና በጥር ብቻ ተመርኩዞ መፍረድ አይገባም።

እኛ ቤት ሂሳብ ሲበዛ መጀመሪያ የሚወቀሰው ምጣድ ነው። እስቲ እናስላው። 1,500 ዋት የሚል ምጣድ ለሁለት ሰዓት ያለማቋረጥ ቢሠራ 3 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል፤ በ35 ሴንት 1 ዩሮ ከ5 ሴንት ነው። በየሳምንቱ የሚጋገርበት ቤት በዓመት 55 ዩሮ ገደማ ይከፍላል። ገንዘብ ነው፣ ግን 214 ዩሮውን አላመጣውም። አሁን መታጠቢያ ቤት ይግቡና ግድግዳው ላይ ዱርሽላውፈርሂጸር የሚሉት የውኃ ማሞቂያ መኖሩን ይመልከቱ። ብዙዎቹ 18፣ 21 ወይም 24 ኪሎዋት ናቸው። ባለ 21 ኪሎዋቱ በሙሉ ኃይሉ አሥር ደቂቃ ሲሠራ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም 1 ዩሮ ከ22 ሴንት ይበላል። አንድ ሰው አሥር ደቂቃ ሻወር የወሰደበት ሁለት ሰዓት ሙሉ እንጀራ ከተጋገረበት ይበልጣል። በየቀኑ ከሆነ ለአንድ ሰው በዓመት ወደ 450 ዩሮ ይደርሳል። ውኃው የሚሞቀው በሕንጻው ማዕከላዊ ማሞቂያ ከሆነ ግን ይህ ወጪ በመብራት ሂሳብ አይመጣም፤ ከቤት ኪራዩ ጋር በሚሰላው ተጨማሪ ወጪ ውስጥ ነው። አንድ ዓይነት ስፋት ባላቸው ሁለት ቤቶች መካከል የሰፋ የሂሳብ ልዩነት ሲታይ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ነው።

ከጆብሴንተር የሚረዳ ሰው ይህን በተለይ ልብ ይበል። ጆብሴንተር ማሞቂያን ከኪራይ ጋር ይከፍላል፤ የቤት መብራት ግን ለኑሮ ከሚሰጠው ገንዘብ ላይ የሚከፈል ነው። ውኃ በመብራት የሚሞቅበት ቤት የሚኖር ግን ለዚሁ ተጨማሪ ገንዘብ የማግኘት መብት አለው። ካሪታስ የሚሠራበት ሽትሮምሽፓርቼክ የሚባል ነፃ አገልግሎትም አለ፤ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ቤት ሰው መጥቶለት የትኛው ዕቃ ምን ያህል እንደሚበላ ይለካለታል።

ናኽጻሉንጉን ባንዴ መክፈል ካልቻሉ ቀነ ገደቡ ሳይደርስ ይደውሉና በየወሩ ከፍለው እንዲጨርሱ ስምምነት ይጠይቁ። ግሩንድፈርዞርገር የሚባለው የአካባቢው መደበኛ አቅራቢ መብራት ለመቁረጥ ዕዳው ቢያንስ የሁለት ወር አብሽላግ ያህልና ከ100 ዩሮ ያላነሰ መሆን አለበት፤ ከአራት ሳምንት በፊት ያስጠነቅቃል፣ የሚቆረጥበትን ቀን ደግሞ ከስምንት የሥራ ቀን በፊት ያሳውቃል፤ ያለ ወለድ በየወሩ የሚከፈል ስምምነትም ማቅረብ ግዴታው ነው። ቋንቋው ካስቸገረዎት ፈርብራውኸርጼንትራለ የተባለው የሸማቾች አማካሪ ቢሮ በየክፍለ ግዛቱ አለ፤ ደብዳቤውን ይዘው ይሂዱ።

ቤት ሲቀይሩ ደግሞ ከቀድሞው ይልቅ መቸኮል ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 6 ቀን 2025 ጀምሮ ከወጡ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ ማስመዝገብ አይቻልም፤ ሳያሳውቅ የወጣ ሰው ከኋላው የገባው ሰው የሚያበራውን ሊከፍል ይችላል። አዲሱ ቤት ገብተው ከማንም ጋር ሳይዋዋሉ መብራት ካበሩ በሕግ የግሩንድፈርዞርገሩ ደንበኛ ሆነዋል፤ ዋጋው ብዙ ጊዜ ውድ ነው፣ ግን በሁለት ሳምንት ማስታወቂያ መልቀቅ ይቻላል። ከአሮጌው ቤት ሲወጡ የመጨረሻውን ንባብ በርክክብ ወረቀቱ ላይ አስጽፈው አከራዩን ያስፈርሙ፤ አዲሱን አድራሻዎን ለኩባንያው ይስጡ። የመጨረሻው ሂሳብ በስድስት ሳምንት ውስጥ ሊደርስዎ ይገባል፤ ትርፍ የከፈሉት ካለ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመለስልዎታል።